የደፈንኩት ግድግዳ

ሐርጌሳ ውስጥ እንጀራዬ ልስንና ቀለም ነበር። እጄ ቀዳዳ አይወድም። የሰው ቤት በእንግድነት ገብቼ እንኳ ዓይኔ የሚያርፈው የተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ ነው። ጓደኞቼ «አንተ እኮ ለቅሶ ቤትም ስቱኮ ይዘህ ትገባለህ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ያን ጊዜ አገር ቤት ጦርነት ነው። ወሎ ያለችው ትንሿ ከተማችን ስልክ ከተቋረጠባት አራት ወር አልፏታል። እናቴ፣ እህቴና ታናሽ ወንድሜ እዚያ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሼክ ኑር ሰፈር ካለችው ክፍሌ ከመውጣቴ በፊት የወንድሜን ቁጥር እሞክራለሁ፤ አይሠራም። ተስፋ ነበረኝ ብል ውሸት ነው። የምደውለው ካልደወልኩ የገደልኩት ስለሚመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን 31 ሜይ ሰፈር ያለ ትንሽ የሥዕል ሙዚየም ለሥራ ጠራኝ። በሩ ላይ የመጪውን ወር ፕሮግራም ለጥፈዋል፦ የልጆች የሥዕል ቀን፣ የሴቶች የሰሌን ሥራ፣ ሽማግሌዎች ስለ ከተማዋ የሚያወጉበት ከሰዓት በኋላ። ከሁሉም በላይ በትልቁ የተጻፈው ሐርጌሳ በድሮው የሶማሊያ ጦርነት የደረሰባትን የሚያሳየው ኤግዚቢሽን ነበር። ኃላፊዋ በልጅነታቸው ከዚያ ጦርነት ሸሽተው ጅግጅጋ ያደጉ ሶማሊ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ አያንስም። «ወንድሜ፣ አዳራሹን አሳምርልኝ፣ ሰኞ እንከፍታለን» አሉኝና ለሥራ ከከተማ ወጡ።

አሳመርኩታ! የኋላው ግድግዳ ተበሳስቷል፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ጣት ያስገባል፣ አንዳንዱ ቡጢ ያህላል። የጥይት መሆኑ አልጠፋኝም። በዚህች ከተማ ስንቱን የጥይት ቀዳዳ ደፍኛለሁ፤ ሰው የሚጠራኝ እንዲጠፋለት ነው። ይህን እያዩ እንዴት ሥዕል ይሰቅላሉ ብዬ ተናደድኩ። ሁለት ቀን ስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ነጩን ቀለም ሁለት ጊዜ ደረብኩበት። እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሴትየዋ ተመልሰው ሲገቡ ምስጋና ጠብቄ ፈገግ ብዬ ቆሜ ነበር።

«ምን አደረግህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ደፈንኩት።»

«ኤግዚቢሽኑ እኮ እሱ ነበር። አባቴን እዚህ አቁመው ነው የገደሉት። መቃብሩን አላውቀውም። የነበረኝ ይሄ ግድግዳ ብቻ ነው።»

መሮ አንስቼ ልፈለፍል ሞከርኩ። ስቱኮው የድሮውን ልስን ይዞት ወረደ። የወጣው ቀዳዳ የእኔ መሮ የቆፈረው ነው እንጂ የጥይቱ አይደለም። «ተወው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቁስሉን ደፍኜ አረፍኩት። ሰኞ በዚያ ሳልፍ ፕሮግራሙ ላይ የኤግዚቢሽኑን ቦታ ብቻ በነጭ ወረቀት ሸፍነውታል። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ስደውል ስልኩ ጠራ። ያነሳችው እህቴ ናት። የወንድሜን ስልክ እሷ ማንሳቷ በቂ ነበር፤ ሌላው ቃል ትርፍ ነው። አርባው እንኳ አልፏል።

«የት?» አልኳት።

«እቤታችን በር ላይ። ግድግዳው ላይ አስደግፈው።»

እናቴ እንዴት ናት ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ነበር፦ «ግድግዳውን እንዳትነኩት! እስክመጣ ማንም እንዳይነካው።»

 

«እማዬ የጥይቱን ምልክት እያየች እህል አልቀምስ ብላ፣ ለአርባውም ሰው ስለሚመጣ አስለሰንነው» አለችኝ። «ደግነቱ እንዳንተ ያለ ጎበዝ ሠራተኛ አገኘን። የቱ ጋ እንደነበር እንኳ አይታወቅም።»