ሦስቱ ማቲው ሊልበርኖች

በሰሜን እንግሊዝ ጠረፍ በምትገኘው በዚያች የዓሣ አጥማጆች መንደር ከሁለት ቤት አንዱ ሊልበርን ነው። ስለዚህም ሰው ከሰው የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው፤ ፖስተኛው እንኳ ያለ ቅጽል ስም ደብዳቤ ማድረስ አይችልም። የቤላ አባት ማቲው ሊልበርን «ድንጉጡ» ይባል ነበር፤ በልጅነቱ የጀልባ ሸራ ጥላ አይቶ እሪ ብሎ ስለሮጠ።

ድንጉጡ በማዕበል ቀን ብቻውን ቀዝፎ የሰመጠች መርከብ ሰዎችን አወጣ። የቀረውን ሊያመጣ ተመልሶ በዚያው ቀረ።

ቤላ አላገባችም። እጇ በጨው ውሃ እየተሰነጣጠቀ፣ በሌሎች ዓሣ አጥማጆች መንጠቆ ላይ ለዓሣ ማባበያ የሚሆን የዛጎል ሥጋ ስትሰካ ጸጉሯ ሸበተ። ያኔ ነው የመንደሩ ኮሚቴ «ስመ ጥር ሊልበርኖች» የሚል የናስ ሰሌዳ ያሠራው። አንድ ጳጳስ፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ የክሪኬት ተጫዋች፤ ሁሉም ገና በልጅነታቸው መንደሯን ጥለው የሄዱ። ከግርጌ ደግሞ «ማቲው ሊልበርን፣ ነፍስ አዳኝ»።

በድንጉጡ ዘመን ግን ማቲው ሊልበርን የሚባሉ ሦስት ነበሩ። ከሌሎቹ ሁለት አንዱ የጀልባ ባለቤት ነበር፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበርና የቤላ አሠሪ ራልፍ ልጁ ነው።

«ራልፍ፣ ከስሙ ቀጥሎ ድንጉጡ የምትለዋን ጨምርልኝ» አለችው።

«ቤላዬ፣ ነፍስ አዳኙ ድንጉጡ? ከጳጳሱ ሥር? ሰው ምን ይለናል?»

«እንዲህ ከቀረ ሰው የአንተ አባት ይመስለዋል።»

«አባቴም ማቲው ነበር። ስም አልሰረቅንም።»

«ያን ቀን አባትህ መጠጥ ቤት ነበር።»

«እሱንማ ሁላችንም እናውቃለን። አይበቃሽም?»

«እኛ ስንሞትስ?»

«ያኔ ምን ቸገረሽ? ሞተሻል እኮ።»

ሰሌዳው የተመረቀ ዕለት ከከተማ አንድ ጋዜጠኛ መጣ። ራልፍን በሙሉ ልብሱ ሲያየው «ነፍስ አዳኙ አባትዎ ናቸው?» አለው።

ራልፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚህ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን።»

የቤላን አባት በቅጽል ስሙ ሲጠሩ የኖሩት ሽማግሌዎች አቀርቅረው ጫማቸውን አዩ። ቤላ ከኋላ ሆና፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ድንጉጡ ነው» አለች።

«ምን አሉ እሳቸው?» አለ ጋዜጠኛው።

«ድንጉጥ ነኝ ነው የምትልህ» አለ ራልፍ። «ፎቶ አትወድም።»

አዳራሹ ሳቀ። ጋዜጠኛው ይቅርታ ጠይቋት፣ በትሕትና ካሜራውን ከእሷ ወደ ራልፍ አዞረ።