ከነፋስ ፊት የቆሙት አማት

የሞዴል ሠሪው እንጀራ ለሰሚው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ገና ያልተገነባ ክፍት የገበያ ማዕከል በካርቶን አሳንሶ ይሠራል፤ በሱቆቹ መሀል ጣት የማያህሉ የወረቀት ሰዎች ያቆማል፤ ከዚያ ትልቁን ቬንትሌተር ከፍቶ ውሃ ይረጭባቸዋል። ሰው በወደቀበት ወይም በራሰበት ቦታ አግዳሚ ወንበር አይቀመጥም። ጥናቱ ይኸው ነው።

ጣጣው የመጣው ሰዎቹን በዘመዶቹ መሰየም ሲጀምር ነው። አንዷ ሚስቱ፣ አንዱ ወፍራሙ አጎቱ፣ ጃንጥላ የያዙት ደግሞ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ነበሩ። ራት ላይ የቀኑን ውሎ ሲያወራ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አማቱ ብቻ አይስቁም።

«ዛሬም እኔ ነኝ የወደቅኩት?»

«ማዕዘኑ ነው እማማ። ነፋሱ በሁለቱ ሕንፃዎች መሀል ሲጠብበት ይበረታል።»

«ታዲያ አጎትህን አታቆምበትም?»

«የተጀመረ ጥናት ላይ ሰው አይቀያየርም።»

አኮረፉ። አማት ከሚያኮርፉበት ቤት ጣሪያው የሚያፈስ ይሻላል። ሰውዬው በማግስቱ ከወረቀቷ አማት እግር ሥር አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ ጣል አደረገና ማታ «ዛሬ ንቅንቅ አላሉም» አለ። የአማቱ ፊት በራ፤ ከድርሻቸው ቆርሰው አጎረሱት።

ነገር ግን ማዕከሉን የምትነድፈው አርክቴክትም የወረቀቷን አማት ሳትወድቅ ቆማ አየቻት። በቅርቡ የጨመረቻቸው የስፖንጅ ዛፎች ነፋሱን የሰበሩ መሰላትና የአረጋውያን ማረፊያውን እዚያው ማዕዘን ላይ ነደፈች። የማዕከሉ ባለቤቶች ንድፉን ሊያጸድቁ የሚመጡት በማግስቱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ግን የሚያሳድረው ጊዜ አልነበረውም። የሰው እናቶች በዝናብ ሲደበደቡ ታዩትና አርክቴክቷ ዘንድ ሄዶ ተናዘዘ።

«አማትህን አጣበቅሃቸው?» ብላ አርክቴክቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ሁለተኛ እንዳይለምደው አስጠንቅቃ፣ ማረፊያውን ወደ ደረጃው ጀርባ አዛወረችው።

ከባዱ የቤቱ ነበር። ራት ላይ አንገቱን ደፍቶ እቅጩን ተናገረ። «ሁልጊዜም ይወድቃሉ፣ እማማ። አጣብቄ ነው ያቆምኩዎት።»

አማቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«መውደቁንስ ልውደቅ፤ እርጅና ነው። የከፋኝ እሱ አይደለም። ሚስትህን ሠራህ፣ አጎትህን ሠራህ። እኔ በዚያ ነፋስ ብቻዬን ስወድቅ አንተ የት ነበርክ?»

የራሱን ምስል ሠርቶ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ቢሮ እንደገባ አንድ ቀጭን ሰውዬ ቆርጦ ከአማቱ አጠገብ፣ በነፋሱ በኩል አቆመ። ቬንትሌተሩ ሲከፈት ተያይዘው ወደቁ። ማታ ይህን ሲሰሙ ከሁሉም ቀድመው የሳቁት አማቱ ነበሩ።