ዘጠኝ መታወቂያ

ክፍሉ ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ የነበረ የሽንኩርት መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ሽንኩርቱ ከወጣ ወራት ቢያልፉትም ግድግዳው ይዞታል። መስኮት የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሸዋ ሮቢትን የሚያውቅ ሰው ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምን እንደሆነ እንድነግረው አይፈልግም። ከአጥሩ ማዶ የደሴ መንገድ ነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር በሩ ይንቀጠቀጣል።

በሴቶች ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የታሰርኩት በዘጠኝ መታወቂያ ነው።

ደንባችን ቀላል ነበር። ተማሪዋ መታወቂያዋን ለእኔ ትሰጥና መጽሐፏን ወስዳ አዳራሹ ውስጥ ታነባለች። መታወቂያዋ መጽሐፉን እስክትመልስ ሳጥን ውስጥ ይቆያል። በዚያ ቀን ጠዋት ዘጠኝ ልጆች ከንባብ ተነሥተው ወጡና ዋናው በር ላይ ተቀመጡ። ከማደሪያቸው የተወሰዱ ሁለት ጓደኞቻችን የት እንዳሉ ይነገረን አሉ። ሌላ ያሉት ነገር የለም። የታጠቁ ሰዎች ሲመጡ በጓሮ በኩል፣ በማንጎ ዛፎቹ መሀል ሮጡ። ጠረጴዛዎቹ ላይ ዘጠኝ የተገለጡ መጻሕፍት፣ ሳጥኑ ውስጥ ዘጠኝ መታወቂያዎች ከነፎቶግራፋቸው ቀሩ።

ልጆቹን እወዳቸው ነበር አልልም። ሁለቱ መጽሐፍ ላይ በእስክሪብቶ የሚያሰምሩ ነበሩ። ፊታቸውን ለፖሊስ ማስረከብ ግን ሥራዬ አልነበረም። እያንዳንዱን መታወቂያ ልጅቷ ስታነበው በነበረው መጽሐፍ የኋላ ሽፋን፣ ካርድ በሚቀመጥበት ኪስ ውስጥ ከተትኩና መጻሕፍቱን ወደ መደርደሪያ መለስኩ። በየቦታቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የተቀዳደዱ መጻሕፍት የታጨቁበት ጆንያ ውስጥ ይወረውራቸው ነበር። የእኔ እጅ መጽሐፍ ያለቦታው ማስቀመጥ አያውቅም።

መርማሪው ወጣት ነው።

"እማማ፣ መታወቂያቸው እርስዎ ጋ እንደሚቀር እናውቃለን። ዘጠኙን ይስጡንና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።"

ደንባችንን ማን ነገረው ብዬ አሰብኩ።

"ሳጥኑን ፈትሻችኋል" አልኩት። "ባዶ ነው።"

"ባዶነቱንማ አይተናል።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ?"

አልመታኝም። ውሃ ከልክሎ እስከ ምሽት ድረስ ፀሐይ ላይ አቆመኝ። እግሬ የተበላሸው ያን ቀን ነው፤ ዛሬም ጫማ የምገዛው ሁለት ቁጥር አስበልጬ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በፊት የገባች አንዲት ሴት ነበረች፤ ጀውሃ ላይ ለመኪና ሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ። የሚፈለግ ሰው ቤቷ ምሳ በልቶ ኖሮ እሷን ለቅመው አመጧት። የተረፋትን ውሃ እግሬ ላይ እያፈሰሰች፣ "ወላሂ እትዬ፣ እኔ ጥብስ ይሁን ፍርፍር እላለሁ እንጂ መታወቂያ አምጣ እላለሁ?" አለችኝ። "እሱስ የእርስዎ ሥራ ነበር፤ ይኸው እርስዎንም አላዳነ።" ከገባሁ ጀምሮ የሳቅሁት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና የኮሌጃችን መምህርት ገባች፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ናት። አሥራ አምስት ዓመት ታንሰኛለች፤ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ግን አንቺ ስትለኝ ኖራለች። ቤተ መጻሕፍት አትመጣም፤ ተማሪ ትልካለች። የተላከላትንም አትመልስም። አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ሰባት ዓመት ቤቷ ተቀምጧል። ይህን ስብሰባ ላይ ባነሣው "የመጽሐፍ ዘበኛ" ብላ መምህራኑን አሳቀችብኝ።

አሁን አለቀሰች። "እርስዎም እዚህ ነዎት?" አለችኝ። ደብረ ብርሃን ስብሰባ ሰንብታ፣ የሆነውን ሳትሰማ፣ ዛሬ ጠዋት ከሚኒባስ ስትወርድ እንደያዟት ነገረችን።

የጀውሃዋ ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻት። "በሚኒባስ ታጭቃ መጥታ ቀሚሷ አልተጨማደደም" አለች፣ ለግድግዳው።

መምህርቷ ተጠጋችኝ። "የዘጠኙን መታወቂያ የት አደረጉት? ለእኔ ይንገሩኝ፤ እንደምንም ወጥቼ አቃጥለዋለሁ።"

"ዘጠኝ መሆናቸውን ማን ነገረሽ?"

የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። ከዚያ፣ "የእኔን የቤት ሥራ ነበር የሚሠሩት" አለች። "መጻሕፍቱን ያዘዝኩላቸው እኔ ነኝ።"

ስህተቴ ያኔ ገባኝ። የዘጠኙን መጻሕፍት ርዕስ በቃሏ ታውቃለች። መደርደሪያው ጋ ሄደው ዘጠኝ መጽሐፍ ቢያወጡ በቃ። ፊቷን አየሁት፤ አስባው ይሁን አይሁን አልታወቀኝም። እኔም እንዳይታወቅብኝ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ጣላት። ከበሩ ሥር አየር የምታስገባ ስንጥቅ ነበረች፤ አፋችንን አስጠግተን በየተራ ነበር የምንተነፍሰው። ተራዬን ሰጠኋት። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። እንደ እሷ ላለመሆን ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠሯት። በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ።

"ምን ልበላቸው?" አለች።

ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁ። እግሬ እሳት ነበር፤ ግን ቆሜ ልነግራት ፈለግሁ።

"ሰባት ዓመት የያዝሽውን መጽሐፍ መልሺ አለችኝ በያቸው።"

የጀውሃዋ ሴት በሳቅ ፈነዳች፤ ጠባቂው በሩን በዱላ መታው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እንዳሰሩኝ ሁሉ ያለ ምክንያት ለቀቁኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ተበርብሯል። መሳቢያዎቹ ተሰብረዋል። ያ የተቀዳደዱ መጻሕፍት ጆንያ ወለል ላይ ተዘርግፏል። መደርደሪያዎቹን ግን ማንም አልነካቸውም። ዘጠኙም በየኪሳቸው ነበሩ።

መምህርቷ ዛሬ ምክትል ዲን ናት። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንቺ ትለኛለች። መጽሐፉን አልመለሰችም። ያን ቀን የካርድ ኪሶቹ ትዝ ሳይሏት ቀርተው ነው፣ ወይስ ትዝ ብለዋት ዝም አለች? አልጠየቅኋትም። ሁለተኛው ከሆነ ላመሰግናት ነው፤ ለዚያ ገና አልተዘጋጀሁም።

ስምንቱ ልጆች በየጊዜው እየመጡ መታወቂያቸውን ወሰዱ። ዘጠነኛዋ፣ የካራቆሬዋ ልጅ፣ አልመጣችም። ከዓመት በኋላ እናቷ መጣች። መጽሐፉን አውርጄ መታወቂያውን ሰጠኋት። ፎቶግራፉን በጣቷ ዳሰሰችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰችልኝ።

"ራሷ መጥታ ትውሰደው" አለች።

ጡረታ ስወጣ በቦታዬ ለተተካችው ልጅ ቁልፎቹን አስረከብኳት። መታወቂያው ያለበትን ያን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ አሳየኋትና፣ ይሄ ለማንም አይወጣም አልኳት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ። ባለቤት አለው አልኳት።