ምኞትና ሁለቱ ግራፊክስ ካርዶች

ምኞት ማረው ወረታ ላይ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ይቀሯታል። እናቷ ስመኝ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ድስትና ምጣድ እየሠሩ ይፋግ ገበያ ያወጣሉ። ምኞትም ጭቃ እየረገጠች ነው ያደገችው። ካሜራ የያዘችው እዚያው ይፋግ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ሲሆን፣ ሠርግ መቅረጽ በጀመረችበት ሰሞን የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት ብለው ምግቧን ለብቻዋ በር ላይ የሚያቀርቡላት ቤቶች ነበሩ። ዛሬ የሠርጉን ቀን ከመቁረጣቸው በፊት «ምኞት ያን ቀን ሥራ አላት ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ቤተሰቦች አሉ።

ባለፈው ጥር ቁሐር ሚካኤል አንድ ሠርግ ቀረጸች። ሁሉም ነገር አምሮ ዋለና ወደ ማምሻው ላይ የሙሽራዋ አያት አባ ጎበዜ ሊመርቁ ሲነሡ ዳሱ ውስጥ መብራት ጠፋ። አባ ጎበዜ ዘጠናን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ መብራት እስኪመጣ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። መረቁ። ምኞትም በሁለት የእጅ ባትሪ ብርሃን ቀረጸቻቸው።

ቤቷ ገብታ ስታየው ምስሉ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። የሽማግሌው ፊት በነጠብጣብ ተሸፍኗል። እንዲህ ያለውን ምስል የሚያጠራ ፕሮግራም ነበራት፤ ሆኖም ኮምፒውተሯ ውስጥ የምስሉን ሥራ የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ አሮጌ ስለሆነ ሥራውን ገና ሲጀምር ቀጥ ይላል።

የሙሽራዋ እናት ካሰች በማግስቱ ደወሉ።

«ልጄ፣ ለቅልቅሉ ዘመዱን ሁሉ ጠርቻለሁ፤ በትልቁ ቴሌቪዥን እናየዋለን። በጨለማው የአባባን ፊት ማንም አላየም። ምርቃቱን እንዳታጎድይብኝ።»

«አላጎድልም እትዬ ካሰች» አለች ምኞት፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን እንዴት እንደምታደርገው አላወቀችም። ለቅልቅሉ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

አዲስ ካርድ ያስፈልጋት ነበርና የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ፈድሉ ሱቅ ሄደች። ፈድሉ ሁለት ካርድ አወጣላት። አንደኛው አዲስ ትውልድ፣ ባለ ስምንት ጊጋ ሜሞሪ ነው። ሌላኛው ካንድ ትውልድ በፊት የወጣ፣ ባለ አሥራ ሁለት ጊጋ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ፈድሉ ባለ ስምንቱን መከራት። በአጋጣሚ ሱቁ ውስጥ የነበረው የኔነህ ደግሞ ባለ አሥራ ሁለቱን አነሣ። የኔነህ ከደሴ መጥቶ የከተማው ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ነው።

«ይኸኛው ፈጣን ነው፤ የሚበላውም መቶ አሥራ አምስት ዋት ብቻ ነው» አለ ፈድሉ። «ያ መቶ ሰባ ይፈልጋል። በእኛ አገር መብራት!»

«ሜሞሪው ግን ያንሳል» አለ የኔነህ። «መረጃ የሚተላለፍበት መንገድም ጠባብ ነው። ያንተ መቶ ሃያ ስምንት ቢት፣ ያኛው መቶ ዘጠና ሁለት።»

ክርክሩ በዚያ አልቀረም። ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ቤት በተገናኙ ቁጥር ስልካቸውን እያወጡ ሠንጠረዥ ያሳዩዋት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሠንጠረዦቹን ራሷ ገልጣ አየቻቸው፤ ሁሉም ካርዶቹ ጨዋታ ላይ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳዩ የሚናገሩ ናቸው።

«እኔ ጨዋታ አልጫወትም» አለቻቸው። «ሁለታችሁም ደግሞ የእኔን ሠርግ አላያችሁትም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዛችሁልኝ ኑ፤ በእሱ እንፈትናቸው።»

ፈድሉ አንዴ የተገጠመ ካርድ አዲስ አይባልም ብሎ ትንሽ አንገራገረ። ኋላ ግን የሚገጥመውም የሚነቅለውም እሱ ራሱ እንዲሆን ተስማምቶ መጣ።

መጀመሪያ ባለ ስምንቱ ገባ። ምኞት አልቆ የተቀናበረውን የአርባ ደቂቃ ፊልም ወደ አንድ ፋይል እንዲያወጣው አስጀመረችው። በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጨረሰ፤ ሙቀቱም ስልሳ አንድ ዲግሪ ላይ ቀረ። ፈድሉ ተደላድሎ ተቀመጠና የኔነህን ሻይ አምጣ ብሎ ላከው።

ቀጥሎ የአባ ጎበዜ ምርቃት መጣ፤ ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሠላሳ በመቶ ሲደርስ ቆመና ሜሞሪ አልበቃኝም የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ምኞት ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘግታ እንደገና ጀመረች። አርባ አንድ ላይ ቆመ።

«ጥራቱን ትንሽ ቀንሺለት» አላት ፈድሉ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ።

ቀነሰችለት። አሁን አለቀ። የወጣው ፊት ግን ሽፋሽፍትም መስመርም የሌለው፣ ሰም የተቀባ ነገር ነው። ፈድሉ ተነሥቶ ካርዱን ነቀለው።

ባለ አሥራ ሁለቱ ተራው ደረሰ። የአርባ ደቂቃውን ፊልም ሃያ አራት ደቂቃ ፈጀበት፤ ሙቀቱ ሰባ አራት ደረሰ፤ ማራገቢያውም ጮኸ። «ብያለሁ» አለ ፈድሉ። የኔነህ ሻዩን አማሰለ።

ምርቃቱ ሲጀመር ሠላሳን አለፈ፣ አርባ አንድን አለፈ። ሰባ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ይጮህ ጀመር። ካርዱ ብዙ ኃይል የሚጎትት በመሆኑ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ማንም አላወቀም። የኔነህ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ከአራት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ተመለሰ፤ ሥራው ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ሲያልቅ አባ ጎበዜ ከጨለማው ወጡ። የግንባራቸው መስመር፣ እርጥብ ዓይናቸው፣ ጭራ የያዘው እጃቸው መንቀጥቀጡ ሳይቀር ይታያል። ምኞት ዓይኗን ጠረገች።

መጀመሪያ የተናገረው ፈድሉ ነው። «ባለ አሥራ ሁለቱ ይሁንልሽ» አላት። «የእኔ ለፍጥነት ነው። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።»

«በፍጥነትማ ያንተ በለጠኝ» አለ የኔነህ። ከተዋወቁ ጀምሮ ሁለቱ ሲስማሙ ምኞት ያየችው ያን ቀን ነው።

ሰኞ ዕለት ባለ ስምንቱን የኔነህ ራሱ ገዛው። ከሥራ መልስ የኮምፒውተር ጨዋታ እንደሚወድ ያወቁት ያኔ ነው፤ ፈድሉ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳቀበት።

ለቅልቅሉ ካሰች ግቢ ሰው ሞላ። የሩዝ አጨዳው ካለቀ ስለቆየ የሚቸኩል ሰው የለም። አባ ጎበዜን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጧቸው። ምርቃቱ ሲጀምር ካሰች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዩና ወደ ምኞት ዞሩ።

«ይህ ሽማግሌ ማን ነው?» አሏት።

«እርስዎ ነዎት አባ» አለች ደንገጥ ብላ።

«እኔ መሆኔንማ በድምፄ አውቄያለሁ። እንዲህ መሸብሸቤን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አባ ጎበዜም አብረው ሳቁና ድገሚልኝ አሏት። ደገመችላቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግሟት ካሰች መጥተው ክንዷን ያዙና ከሙሽሮቹ ጎን አስቀምጠው፣ ከእነሱው መሶብ አጎረሷት።