የስድስት ሰዓቱ ዲግሪ

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተግቶ የሚሠራው ፀሐይ ብቻ ነው። ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የተኛ ውሻ ጅራቱን እንኳን አያወዛውዝም። በጃንሆይ ዘመን እሠራባት የነበረችው ትንሽ ላቦራቶሪም ይህን ሕግ በደንብ ታከብር ነበር። ሌላውንም ሕግ እንደዚያ ብናከብር ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

ላቦራቶሪዋ ሁለት ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕ እና አንድ ነጭ ፍሪጅ ነበራት። አለቃዬ ሲቆጡ በፈረንሳይኛ፣ ሲገበያዩ በኦሮምኛ፣ ሲታረቁ በአማርኛ የሚናገሩ፣ በባቡር ሠራተኞች ሰፈር ያደጉ ቀጭን ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ለወባ የሚመረመር ደም መስታወት ላይ የምቀባ፣ ዕቃ የማጥብ፣ ከሁሉም በላይ ግን የፍሪጁን ሙቀት በደብተር የምመዘግብ ወጣት እናት ነበርኩ። ፍሪጁ ውስጥ የተቀመጠው የፖሊዮ ጠብታ ነው፤ እኛ የልጅነት ልምሻ የምንለውን በሽታ የሚከላከለው።

«ይሄ ነገር ነፍስ አለው» ይሉኝ ነበር አለቃዬ ጣታቸውን ቀስረው። «ሙቀት ካገኘው ይሞታል። ሲሞት ደግሞ አይሸት፣ መልኩ አይለወጥ። አንቺ ልጅ፣ መሞቱን የሚነግረን ደብተርሽ ብቻ ነው።»

ንግግራቸው ልብ ይነካል። ይህን ብለው ሲጨርሱ ግን ፍሪጁን ይከፍቱና በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለሉትን የአወዳይ ጫት ከጠብታው ጎን ያስቀምጣሉ። ጠዋት የተገዛ ጫት እስከ በርጫው፣ እስከ መቃሚያው ሰዓት ድረስ በዚያ ሐሩር ይጠወልጋላ! እንዳያሳማቸው ጥቅሉ ላይ «ናሙና» ብለው ጽፈውበታል። ዘበኛውም ናሙና ነበረው። ከጎናችን ያሉት የጤና ቢሮው ጸሐፊዎችም ቀስ በቀስ ናሙና ማምጣት ጀመሩ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ናሙናውን ሊወስድ ይመጣል፤ በሩ ተከፍቶ ይቆያል፣ «ያንተ የታችኛው ነው»፣ «አቦ የኔን አትንካ» ይባላል፣ አንዳንዱም ፊቱን በቅዝቃዜው እያስመታ ጨዋታ ይይዛል። እኔ አልቅምም፤ ስለዚህ ራሴን ከሁሉም ንጹሕ አድርጌ እቆጥር ነበር። የኔ ሐብሐብ ብቻ ነበር።

ደብተሩ የጠዋት፣ የስድስት ሰዓት እና የማታ የሚል ሦስት ዓምድ አለው። የጠዋቱንና የማታውን አይቼ እጽፋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ግን ቴርሞሜትሩ ከናሙናዎቹ ጀርባ ስለሚቀበር፣ እኔም ልጄን ላጠባ ወደ ቤት ስለምቸኩል፣ የስድስት ሰዓቱን ከጠዋቱ ጋር አብሬ መጻፍ ጀመርኩ። አራት ዲግሪ። ሁልጊዜ አራት። አንዳንድ ቀን እውነት እንዲመስል አምስት አደርገዋለሁ። ያን ያህል አስተዋይ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን የየሰፈሩን ሕፃናት እያስጠራን ጠብታውን እንሰጥ ነበር። ጎረቤቴ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልምሻ መትቶት አንድ እግሩን ይጎትታል። ታናሽ እህቱን አቅፋ ስትመጣ ስለ መድኃኒቱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «አንቺ ካልሽ ይሁን» ብቻ አለችኝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጣ፤ ከፍሪጃችሁ አንድ ጠርሙስ በበረዶ አድርጋችሁ ላኩ፣ ጥንካሬው እንዳለ መሆኑን እንመርምር የሚል። አለቃዬ ምርመራውን ሲያስረዱኝ፣ «ወጥ ላይ ውሃ እየጨመሩ እስከ ስንተኛው ጭልፋ ድረስ ያቃጥላል ብሎ መቅመስ ነው» አሉኝ። እዚያ ግን የሚቀምሰው ምላስ ሳይሆን በብርጭቆ ውስጥ የሚያድግ ሕዋስ ነው። ጠብታውን ደጋግመው እያቀጠኑ ሕዋሱ ላይ ያደርጉታል። ብርቱ ከሆነ እጅግ ቀጥኖም ሕዋሱን ይጎዳል፤ ከደከመ ገና በጠዋቱ ዝም ይላል።

የኛው ዝም አለ። አዲስ አበባ የቀረው የዚያው ዙር ጠርሙስ ብርቱ ሆኖ ሳለ፣ ከድሬ የሄደው ከውሃ ብዙም አይሻልም ተባለ።

የቢሮው ኃላፊ የሆኑት ሐኪም አለቃዬንና እኔን ጠርተው ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጡ። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ደብተር አይቼ አላውቅም» አሉ። «ፍሪጁ ጤነኛ ነው። በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ ይሆናል። ሌላ ጠርሙስ እንልካለን፤ እናቶቹን በከንቱ ማስደንገጥ አያስፈልግም።»

ተመስገን አልኩ በልቤ። ወዲያው ግን የጎረቤቴ ሕፃን ትዝ አለችኝ፤ የኔም ልጅ። ደብተሩ ከታመነ ሁለቱም ተከትበዋል ይባላል፣ ማንም ዳግመኛ አይጠራቸውም። በሽታው ደግሞ ደብተር አያነብም።

«የስድስት ሰዓቱን አላየሁትም» አልኩ። «ጠዋት ነው የምጽፈው።»

ከአለቃዬ የምጠብቀው ፈረንሳይኛ ነበር። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዶክተር፣ ናሙናም ነበረ» አሉ በአማርኛ።

«የምን ናሙና?»

«የአወዳይ።»

ሐኪሙ የፍሪጁን ቁልፍ ወሰዱ። እኔን ከሥራ አላባረሩኝም፤ ከዚያ የከፋውን ነው የፈረዱብኝ። አዲሱ ጠብታ እስኪመጣ ድረስ የየልጆቹን እናቶች ራሴው እየዞርኩ እንድነግራቸው አዘዙ።

ጎረቤቴን ቀፊራ ጨርቋን ስታጣጥፍ አገኘኋት። ከጫቱ እስከ ደብተሩ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ሥራውን አላቆመም።

«ታዲያ ያኔ ለልጄ የሰጠሽው ምንድን ነው?»

«ውሃ በይው።»

«ወላሂ፣ ውሃ እኛም ቤት ነበረ» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

አዲሱ ጠብታ የመጣ ቀን ልጄን አዝዬ ሥራ ገባሁ። ይቀሩብኛል ካልኳቸው እናቶች ብዙዎቹ መጡ፤ ጎረቤቴም ሕፃኗን ታቅፋ፣ ትልቁን ልጅ በእጁ ይዛ ከሰልፉ ፊት ቆመች። ጠብታውን አዘጋጅቼ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አቦ ቆይ። መጀመሪያ ያንቺ ትዋጥ።»

ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ አፏን ከፈትኩ። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ባለፈውም ከሁሉም በፊት የዋጠችው የኔው ልጅ ነበረች። ይህን ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን የራሴንም ልጅ አታልያለሁ ከማለት በቀር ምን ይጨምርልኝ ነበር? ልጄ ፊቷን አጨማድዳ ዋጠች። ጎረቤቴ የልጄ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ እስከ መጨረሻው ተመለከተችና፣ የሕፃኗን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ከፈተችልኝ።