ያለ ጨው የተቀባው ግድግዳ

ያንን ቀን ሳስበው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ሰማዩ ነጭ፣ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነጭ፣ እጄ እስከ ክርኔ ነጭ። ድሬ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። እኔም ተኝቼ የሠራሁት ይመስለኛል። ግን ነቅቼ ነበር።

ኖራ ቀቢ ነበርኩ። የከዚራን ቤቶች፣ የመጋላን ሱቆች፣ መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ቀብቻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከምቀባው ሱቅ በር በላይ የተጻፈው ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ ደርግ ነው፤ አልክድም። በቀበሌው አዳራሽ ከሽማግሌና ከባልቴት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ታናሽ ወንድሜን ይዘው መጀመሪያ ያስገቡትም እዚያው አዳራሽ ነው። የሰጠኝም የወሰደብኝም አንድ መንግሥት ነው። ምስጋና የሚጠብቅብኝ ካለ ይጠብቅ።

ወንድሜ በባቡሩ ጥገና ክፍል ይሠራ ነበር። ከዕቃ ሳጥኑ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት አገኘን አሉ። ከደቻቱ አሸዋ ማዶ ካለ የተወረሰ የቡና መጋዘን አስገቡት፤ መጋዘኑ እስር ቤት ሆኖ ነበር። እናታችን በየቀኑ ስንቅ ታደርስለት ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ዘበኛው ምግቡን እስከተቀበለ ድረስ ሰውህ አለ። "ከእንግዲህ አታምጪ" የተባለች ሴት ከበሩ ሳትርቅ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። እናቴን እንዲያ አላሏትም። ግን ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ሰሃኑ ታጥቦ መመለስ ጀመረ። ወንድሜ በዕድሜው ሰሃን አጥቦ አያውቅም።

"ሥርዓት አስይዘውታል" አለች እናቴ።

"እማ፣ ሌላ ሰው እየበላው ቢሆንስ?"

"ዝም በል። ተቀብለውኛል።"

ሰሃኑን ከእጇ ተቀበልኩ።

አንድ ቀን ጠዋት የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ ብሩሽህን ያዝ አለኝ። የውጭ አገር ሰዎች እስረኛ ሊያዩ ይመጣሉ፣ መጋዘኑ ዛሬውኑ መቀባት አለበት። አብሮኝ የሚሠራውን ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ሶማሌ ነው፤ አደር እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። ስንገባ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። እስረኞቹን በካሚዮን ወስደዋቸዋል። ደህና የሚመስሉ አሥር ያህል ሰዎች ብቻ ግቢው ውስጥ ተላጭተው ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ አየኋቸው። ወንድሜ የለም።

በመጨረሻው ክፍል ግድግዳው ሁሉ በምስማር ተጭሯል። ስም ነው፤ ከወለል እስከ ሰው ቁመት ስም ብቻ። ያን ጊዜ የማነበው እንደ አንካሳ ነበር፣ እየቆምኩ። አንዱን ፊደል ይዤ ሌላውን ፍለጋ እሄዳለሁ። እንዲያ ስሄድ የወንድሜ ስም ላይ ደረስኩ፣ ከነአባታችን ስም። የወንድሜን እጅ ጽሕፈት ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያዬ። ቤታችን እያለ ማንበብ አልችልም ነበራ።

የውጭ ሰዎቹ ይህን ስም ካዩ ይጠይቃሉ ብዬ አሰብኩ። ይህ ሰው የት ነው ይላሉ። በስሙ የተጠየቀን ሰው ደግሞ ዝም ብለው አያጠፉትም። ሌላ ምን ነበረኝ?

ኖራ ያለ ጨው ግድግዳ አይዝም። በውሃ ካቀጠንከው ደግሞ ከነጭራሹ ይረግፋል። ያንን ግድግዳ ብቻ ያለ ጨው ቀባሁት።

"ዋርያ" አለኝ አደር፣ "ውሃ ነው እንዴ የምትቀባው? ጨውስ?"

"አልቋል።"

ግማሽ ከረጢት ጨው እግሩ ሥር ነበር። ከረጢቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ግድግዳውን አየ። አማርኛ ማንበብ አይችልም።

"ምን ይላል?"

"ስም ነው።"

"የማን?"

"የእናቴ ልጅ።"

ሄዶ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠበትና ጫቱን ከኪሱ አወጣ። "አቦ እውነትህን ነው" አለ። "ጨው የለም።"

አመሻሽ ላይ የእስር ቤቱ አዛዥ መጣ። "ይሄ ሁሉ ጭረት ይታያል እኮ! ምንድነው የቀባኸው?"

"ኖራ እርጥቡን ውሃ ነው የሚመስለው ጓድ። ሲደርቅ ነው የሚነጣው።"

ይህ እውነት ነው፤ ማንም ኖራ ቀቢ ይነግርሃል። አዛዡ በጎረቤት ክፍል የቀባነውን ግድግዳ አየ፣ እየነጣ ነበር። አመነኝ።

በማግስቱ ግቢውን ውሃ እንዳርከፈክፍ ታዝዤ እዚያው ነበርኩ። ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ሴት። ከመኪናው ወርደው በዚያ ብርሃን ውስጥ ሲሄዱ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ሴትዮዋ የመጨረሻው ክፍል በር ላይ ቆመች። ኖራው እንደ ዱቄት ወለሉ ላይ ረግፏል፤ ስሞቹ ሁሉ ቆመው ያይዋታል። በጣቷ ነካቻቸውና አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ ወደ አዛዡ ዞረ።

"ምንድነው ብላለች። ምን ልበላት?"

"የመጋዘኑ የድሮ ተሸካሚዎች ናቸው የጻፉት በላት።"

አላት። እሷም እሺ እንደማለት አንገቷን ነቀነቀች። ግን ደብተሯን አውጥታ ፊደሎቹን መሳል ጀመረች፣ ፍየል እንደሚስል ሰው፣ ከእግሩም ከቀንዱም እየጀመረች። ማንበብ አትችልም፤ ትስላለች። ከወንድሜ ስም ፊት ለፊት ነበር የቆመችው። ባልዲዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ያንን ያህል ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሲሄዱ ብርድ ልብስ ሰጡ። ለድሬ። ብርድ ልብስ።

ወራት አለፉ። ሰሃኑ ይሄዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ።

"የውጭ ሰዎች ለመንግሥት ደብዳቤ ጽፈዋል። ወንድምህ የት ነው ይላሉ፣ በስሙ። ስሙን ባሕር ማዶ ማን አደረሰው?"

"እኔ ኖራ ቀቢ ነኝ ጓድ።"

"እሱን አውቃለሁ። መንግሥት መልስ ይሰጣል፤ የተጠየቀውን ይመልሳል። የቤተሰብ ማረጋገጫ ጎድሎ ነው። ፈርም።"

አነበብኩት። ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየሄድኩበት። በተጠቀሰው ስም የታሰረ ሰው የለም ይላል። እኔ ታላቅ ወንድሙ ይህንኑ አረጋግጣለሁ ይላል።

"ባልፈርምስ?"

"እናትህ ትፈርማለች። እዚህ አስቀምጠን እናስረዳታለን።"

ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አንስቶ አየው። "እየው" አለኝ ፈገግ ብሎ፣ "አብዮቱ ያደረገልህን። እንዴት ያለ እጅ ነው ያለህ!"

ደብዳቤው መልስ አገኘ። ጥያቄ ነበር፣ መልስ ተሰጠ፣ መዝገቡ ተዘጋ። በውጭ ሰዎቹ ቤት ሥራው በደንብ ተሠርቷል። ክፉዎች ነበሩ አልልም። ደብተር ነበራቸው እንጂ፣ ከደብተሩ ሌላ ምንም አልነበራቸውም።

በማግስቱ እናቴ ከበሩ በጊዜ ተመለሰች። ምግቡ እንዳለ ነው፤ አልተነካም።

"እዚህ ልጅ የለሽም አለኝ ዘበኛው" አለች። "ታላቅ ልጅሽ ራሱ ፈርሟል አለኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው እማ።"

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ጥላው ድረስ ሄዳ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ሙቀት ነገሩን ሁሉ ያንሳፍፈዋል፤ እናቴም ውሃ ውስጥ እንዳለች ሆና ነው የምትታየኝ። ከዚያ ጠራችኝ።

"ወረቀቱ ምን ይላል?"

"ተይው እማ።"

"አንብበኸዋል አይደል? ንገረኝ።"

አንድም ቃል አልረሳሁም ነበር። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው አይረሳም። ከመጀመሪያው እስከ ፊርማዬ ድረስ በቃሌ አልኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

"ድገመው" አለች።

ደገምኩላት።