ሽማግሌ ያልተላከላት ልጅ

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያትል መጥቼ ገና ዓመት ተኩል አልሞላኝም ነበር። የምማረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ሬኒየር ቢች ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል ኮሌጅ የገቡ ኢትዮጵያውያንን አስጠና ነበር። ማስረዳት እወዳለሁ። ባለቀለም ጠመኔ ከቤቴ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሰሌዳውን በማስመሪያ ሳልከፋፍል አልጀምርም።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ፌደራል ዌይ የሚኖሩ፣ የአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አስታማሚ የሆኑ ሴት ነበሩ። በዕድሜ ከእናቴ ስለማያንሱ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው አስተማሪዬ ይሉኛል፤ ሲናደዱብኝ ግን አንቺ ልጅ። የነርስነት ትምህርት ለመግባት አንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ ብቻ ቀርቷቸው ሳለ ድርሰታቸው «እንደገና ይጻፍ» ተብሎ ተመለሰ። የተሰጣቸው አንድ ሳምንት ነው። ካላለፉ ምዝገባው ለዓመት ይተላለፋል።

ድርሰቱ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ አገር ስለተጻፈ ልብ ወለድ ነው። አንዲት ገረድ ከጌታዋ ልጅ ታረግዛለች። አባቷ ያባርራታል። ከተማ ገብታ ልብስ እየሰፋች ስትኖር ልጇ ይሞትባታል፤ በመጨረሻ እሷም በብርድ ትሞታለች። የዚያ ዘመን መጻሕፍት እንዲህ ያለችውን ሴት «የወደቀች» ይሏታል። እኔም ደስ እያለኝ ሰሌዳው ላይ አምስት ዓምድ አሰመርኩ፤ መታለል፣ መባረር፣ ችግር፣ ንስሐ፣ ሞት። ደራሲዎቹ ቢያዝኑላትም ሳትሞት ይቅር ሊሏት እንደማይደፍሩ፣ ወንዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አግብቶ በሰላም እንደሚኖር አስረዳሁ። እትዬ ሁሉንም ገለበጡና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አሉ።

የተመለሰባቸው ድርሰትም ግማሹ ይኸው ነበር። ልጅቷ በተባረረች ሌሊት ያደረችው ጎረቤት ቤት ነው፤ ታዲያ ጎረቤቲቱ በማግስቱ ሽማግሌ ይዛ ለምን አልመለሰቻትም? እኛ ዘንድ የተባረረችን ልጅ የሚያስታርቃት የገባችበት ቤት ነው። እንግሊዞች ይህ ልማድ እንደሌላቸው፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገርም እንደማይጻፍ ነገርኳቸውና እንዲሰርዙት መከርኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «እኔን ካባቴ ያስታረቀችኝ ጎረቤታችን ናት። እሷ ባትኖር እዚህ ቁጭ ብዬ ካንቺ ጋር አልጨቃጨቅም ነበር።»

ይህን ያሉት ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው። ከዚያ «ኦኬ» ብለው ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። እኔም ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ።

ረቡዕ ከሥራ ቦታቸው ኮል አደረጉልኝ። አሮጊቷን እንቅልፍ ሲወስዳት እሳቸው መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው አንብበውታል። ልጅቷ የአራት ሰዎችን ደጃፍ ረግጣለች፤ የጎረቤቲቱን፣ የቄሱን፣ የጌታዋን እህት፣ የምትሰፋላትን ሴት። አራቱም በሩን ይከፍታሉ፣ ያዝኑላታል፣ ይዘጉታል፤ ጎረቤቲቱም ያሳደረቻት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። የገጹን ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡልኝ።

«ሶ፣ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ አይጻፍም ብለሽ የለ? ይኸው አለ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አምስቱን ዓምዶቼን በወረቀት ላይ ጽፌ አየኋቸው። ሁሉም በልጅቷ ላይ ስለደረሰው ነገር ነው። ማስታረቅ እየቻለ ዝም ስላለው ሰው አንድም ዓምድ አልነበረኝም። ስድስተኛ ልጨምር ስል ደግሞ ቦታ አጣሁለት፤ ምክንያቱም በሁለተኛውና በአምስተኛው መካከል በየቦታው የሚገባ ነው።

ሐሙስ አብረን ተቀመጥን። እኔ አንቀጾቹን በተርታ ከማስያዝ በቀር የነካሁት የለም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እሳቸው ራሳቸው አማርኛውን ለኔ እያሉ በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ደራሲው ልጅቷን አራት ደጅ ያስረገጣት መዳን እንደምትችል ስለሚያውቅ ነው የሚል ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ሳይጨርሱ በመስኮት ጠሩኝ። «አለፍን» አሉኝ። የነርስነቱ የመጀመሪያ ትምህርት ስለ አጥንትና ስለ ጡንቻ እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ በዚያ በኩል ላስረዳቸው የምችለው ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው።

«ተመስገን» አሉና ሳቁብኝ።